መላሿ ስትወጣ

የሥራ ባልደረቦቿ ቋጣሪዋ ይሏታል። ገንዘብ ላይ እጇ የታሰረ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሻይ ሲጠጣ ቀድማ የምትከፍለው እሷ ናት። የምትቋጥረው ቦታ ነው፤ የኮምፒውተር ሜሞሪ። መሥሪያ ቤቷ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሣጥን ይሠራል። በሣጥኗ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ በቺፗ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መተኛት አለበት። በስልካችሁ ከምታነሱት ፎቶ አንዱ እንኳ አይገባባትም። እዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይደር የምትለው እሷ ናት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የመገልገያ ፕሮግራሞች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ስም ፊት አንዲት ትንሽ ባዶ ቤት አለች። ቁልፍ ስትነካ ቤቷ ውስጥ ኮከብ ይገባል፤ ኮከብ ያለው ወደ ሣጥኗ ይሄዳል። ደግማ ስትነካ ኮከቡ ይጠፋል፤ ያም እዚያው ይቀራል። ሲስተሙ ያለ እነሱም ይነሳል፣ ይሠራል፤ አማራጭ የተባሉትም ለዚህ ነው። ጽሑፍ ማረሚያ አለ፣ የታሸገ ፋይል የሚፈታ አለ፣ ቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ አለ። ኧረ ስንቱ! አንዳንዱማ ለምን እንደተሠራ የሠራውም ሰው የረሳው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይሁን፣ ምናልባት አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ብሎ ኮከቡን ይተወዋል። ቋጣሪዋ ዘንድ ምናልባት የሚባል ነገር የለም። «አንቺን ማን ጠየቀሽ? ማንስ ይጠቀምብሻል?» ትላለች ስክሪኑን፤ መልስ ካጣች ታጠፋዋለች።

ከስክሪን ጋር ማውራቷ አይግረማችሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምትለዋወጠው ቃል «እንደምን አደርክ»ና «ደህና ዋል» ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አፍ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል።

ቤቷም እንደዚያው ነው። ከባሏ ስትለያይ ዕቃውን ተካፈሉ፤ የደረሳትንም ቀስ በቀስ ለሰው ሰጥታ ጨረሰችው። ሁለተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥበታል? ይውጣ። ትልቁ ድስት ለማን ይሠራበታል? ይውጣ። አሁን የቀራት አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የጎረቤት ሕንጻ ጀርባ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅልል ብሏት ነበር። ቆይቶ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማታ ስትገባ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ታስቀምጥና እሷ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር እንዲኖርላት ነው።

ሣጥኗ ለምን እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ናት። በአንገት ትንጠለጠላለች፤ መሐሏ ላይ አንዲት ቁልፍ፣ ከቁልፏ አጠገብ አንዲት ቢጫ መብራት አለች። ሰውየው የወደቀ ወይም የታመመ እንደሆነ ቁልፏን ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ሣጥኗም ወደ ጥሪ ማዕከል ትደውላለች፤ ከዚያ ሰው ይላካል። ነካ አድርጎ ቢለቃት ግን ሌላ ነገር ታደርጋለች። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር «መስመሩ ደህና ነው?» የምትል ምልክት ትልካለች፤ ሰርቨሩ «ደህና ነው» ሲላት ቢጫዋ መብራት ሁለቴ ብልጭ ትላለች። ይህቺን ሁለተኛ ሥራ የምትሠራው «መላሽ» የምትባል ትንሽ መገልገያ ናት። ሣጥኗን የሚገጥመው ባለሙያ መስመሩ መሥራቱን እንዲያይባት ነው የገባችው፤ ለአዛውንቶቹ ታስባ የተሠራች አይደለችም።

ከመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች አንዷን ቋጣሪዋ ለአባቷ ወሰደችላቸው። አባቷ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከተማቸውም በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ስልክ በእጅ እየተሰካ በሚገናኝበት በዚያ ዘመን ማዞሪያ ፊት ተቀምጠው አንዱን ሰው ከሌላው ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው። ሣጥኗን ሲያዩ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ።

«እኔ ላም ነኝ እንዴ፣ አንገቴ ላይ ቃጭል የምታስሪልኝ?»

«አባዬ፣ ድንገት የሆነ ነገር ቢገጥምህ ብዬ እኮ ነው።»

«የሆነ ነገር ሲገጥመኝ እኔና እሱ እንተዋወቃለን። አማላጅ አንፈልግም።»

ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። አውቶቡሷ ልታመልጣት ነው፤ ልመናውም ቁጣውም አልሠራም። በመጨረሻ ቁልፏን ነካ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ቢጫዋ ብልጭ ብልጭ አለች። «አየህ? ይቺ ስትበራልህ እኔ አየሁህ ማለት ነው» አለቻቸው፤ መራራ መድኃኒት ለልጅ በስኳር እንደሚሰጠው። አባቷ መብራቷን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት። አጠለቀችላቸው። አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ የተናገረችውን ረስታዋለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው ሥራ አስኪያጁ ወደ ጠረጴዛዋ የመጣው። በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ፣ እየተራመደ ካልሆነ መናገር የማይችል ሰው ነው። ሣጥኖቹ የሚልኩትን ማንም ሌላ ሰው እንዳይሰማው የሚያደርግ አዲስ የሚስጥር መጠበቂያ ሲስተሙ ውስጥ መግባት አለበት አለ።

«ይገባል አይደል?» አላት፣ እሷን አልፎ ወደ መስኮቱ እየሄደ።

«አይገባም። ቦታ የለም።»

«አንቺ ካላስገባሽው ማን ያስገባዋል? ቋጣሪ አይደለሽ እንዴ!» ብሎ ከመስኮቱ ተመልሶ ወጣ።

ተቀመጠችበት። ጽሑፍ ማረሚያውን አጠፋችው፤ አንገት ላይ በተንጠለጠለ ሣጥን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ቀን መቁጠሪያውን አጠፋችው። የየመገልገያውን አጠቃቀም የሚያስረዳውን ጽሑፍ ሁሉ አወጣችው፤ የክብሪት ቀፎ ከፍቶ የሚያነብ የለም። አንዱን ባወጣች ቁጥር ሲስተሙ እንደገና ይገጣጠማል፤ መጠኑም በስክሪኑ ግርጌ ይወጣል፣ በቀይ። አሁንም በቀይ። ሰዓቱን እንዳታወጣ ሰዓት ያስፈልጋል። ሲስተሙ ሲደርቅ ቀስቅሶ የሚያስነሳውን ጠባቂ እንዳታወጣ፣ እሱ ከሌለ ሣጥኗ አንድ ቀን ደርቃ ትቀራለች። ከላይ እስከ ታች ወርዳ፣ ከታች እስከ ላይ ወጥታ፣ ዓይኗ መላሿ ላይ አረፈ።

«አንቺስ?» አለቻት። «አንቺን ማን ይጠቀምብሻል?»

ለማረጋገጥ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄደች። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ባለሙያ ዘበኛው ነው የሚባለው፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛልና እሱም ዓመቱን ሙሉ እስከ አገጩ የተቆለፈ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል።

«መላሿን ላወጣት ነው» አለችው በሩ ላይ ቆማ። «ሣጥን ከተገጠመ በኋላ የሚነካት ሰው አለ?»

«የለም። ገጣሚዎቹ አንዴ ይነኳታል፣ በቃ።» ከዚያ አሰብ አደረገና፣ «ቆይ፣ አንዲት ሣጥን አለች። ማለዳ ማለዳ ታንኳኳለች። አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም» አለ።

«ቁልፏ ተበላሽታ ይሆናላ።»

«የተበላሸ ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ነው የሚረብሸው እንጂ ማለዳ እየጠበቀ ይበላሻል እንዴ? የማን እንደሆነች ልይልሽ?»

ክፍሉ ይበርዳል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ስክሪኑ ደግሞ በቀይ እየጠበቃት ነው። «ተወው ባክህ፣ ለአንዲት ሣጥን ብዬ ነው?» አለችው።

«እስቲ እይልኝ» ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው በር ላይ ባለቀ፤ እኔም ይህን ሁሉ ባልለፈለፍኩ። አላለችም። ተመልሳ የመላሿን ኮከብ አጠፋች። ሲስተሙ ተገጣጠመ፣ ግርጌው ላይ ያለው ቀይ ጠፋ። ገባ! «እሰይ!» አለች ጮክ ብላ፤ ቀና ስትል ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ጠረጴዛው ሁሉ ባዶ ነው። ደስታዋን የሚካፈላት አጥታ ትንሽ ቆየችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አዲሱ ሲስተም በዚያው ሰሞን በመስመሩ ተሳፍሮ በየሰዉ አንገት ላይ ወዳለችው ሣጥን ሁሉ ገባ።

አባቷ ስልክ የሚደውሉት ጉዳይ ሲኖራቸው ብቻ ነው። መስመር በወሬ አይያዝም፤ ከኦፕሬተርነት የተረፈቻቸው ሕግ ናት። በዚያ ሳምንት ግን ደወሉ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም። አልታመምሽም?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ነሽ። እንግዲያው ጥሩ…» ብለው፣ «ያስቀየምኩሽ ነገር አለ እንዴ?» አሉ።

«እንዴ! ምን ያስቀይመኛል? አባዬ፣ ስብሰባ እየገባሁ ነው፤ ቆይቼ ልደውልልህ?»

«ግቢ፣ ግቢ።»

ቆይታ አልደወለችም። ክፋት ኖሯት አይደለም። ስብሰባው ረዘመ፤ ከስብሰባው ስትወጣ እየጠፋች የምትነሳ አንዲት ሣጥን ችግር ሆና ጠበቀቻት፤ ከዚያ መሸ፣ ነጋ። ቤቷ ስትገባ ትዝ ይላታል፤ «አሁን ተኝቶ ይሆናል» ትላለች። ቅዳሜ ትዝ አላት፤ «እሑድ ተረጋግቼ» አለች። የሚገርመው በዚያ ሳምንት ውስጥ «ደህና ነሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷ ደግሞ መስማት ናፍቋት የነበረውን ቃል በሦስት ዓረፍተ ነገር ሸኘችው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ስልኳ ጮኸ። የአባቷ ጎረቤት ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋ።

«ልጄ፣ አትደንግጪ» አሏት። አትደንግጪ ተብሎ የማይደነግጥ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። «አባትሽ ወድቀው ነው። ማታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው እዚያው አድረዋል። ጠዋት መስኮታቸው ሳይከፈት ሲቀርብኝ ነው፣ በትርፉ ቁልፍ ከፍቼ የገባሁት። ሐኪም ቤት ነን። ዳሌያቸው ነው አሉ። ብርዱም ጎድቷቸዋል። በሕይወት አሉ ልጄ፤ ብቻ ነይ።»

አውቶቡስ ላይ እንዴት እንደተሳፈረች አታውቀውም። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስባት፤ ሣጥኗስ? አንገታቸው ላይ አይደለችም? ለዘበኛው ደወለች። ማታውን ከአባቷ ሣጥን ጥሪ መጥቶ እንደሆነ እንዲያይላት ለመነችው። አይቶ፣ «ምንም ጥሪ አልመጣም» አላት። እንግዲያው አዲሱ ሲስተም ነው። የሚስጥር መጠበቂያውን ስትጎስር የሆነ ነገር ሰብራለች። አባቷ መሬት ላይ ተኝተው ሲጫኑ፣ ሲጫኑ፣ የእሷ ሥራ ዝም ብሏቸዋል። እንዲህ እያለች ስትነድ ደረሰች።

ልብስ ሰፊዋ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። አባቷ መርፌ ተወግተው ተኝተዋል፤ ሐኪሙ ሲነቁ ትገባለሽ ብሏል። ሴትዮዋ የአባቷን ልብስ በፌስታል ይዘዋል፤ በልብሱ ላይ ሣጥኗ ከነገመዷ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

«አንገታቸው ላይ ነበረች?» አለች ቋጣሪዋ።

«ደረታቸው ላይ ነበረች። እጃቸው አጠገብ።»

ሣጥኗን አነሳችና ወደ መስኮቱ ሄዳ ቁልፏን ጫን አድርጋ ያዘች። ወዲያው አንዲት የሰለጠነች ድምፅ ወጣች፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ የጥሪ ማዕከል ነው፤ እርዳታ ይፈልጋሉ?»

«አይ… ሙከራ ነው» አለች ቋጣሪዋ። ሣጥኗ ትሠራለች። እንከን የላትም። አባቷ ናቸው ያልተጫኑት።

ሌሊቱን ሙሉ፣ እጃቸው አጠገብ እያለች፣ አልተጫኗትም። ይህንን ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ወደ አግዳሚው ተመልሳ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ጎን ጎኗን ሲያዩዋት ቆዩና አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ መጠየቅ አይደለም፣ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ግን ምን ሆነሽ ነው የተውሽው?»

«ምኑን እትዬ?»

«ማለዳ ማለዳ መመለስሽን ነዋ!»

ቋጣሪዋ ዓይኗን ሣጥኗ ላይ ጣለች። ሴትዮዋ ያፈረች መሰላቸውና ለማጽናናት ተጠጓት። «አባትሽ እኮ ሲነጋ መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነበር። መስኮቱን ይከፍታሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያቺን ነገር ነካ ያደርጓታል። አንቺ ስትመልሺላቸው በመስኮቱ ‹ልጄ ነቅታለች!› ይሉኛል። ‹አንድ ማለዳ አጓድላብኝ አታውቅም› እያሉ ስንቴ ነው ያስቀኑኝ! የእኔዎቹ በዓመት አንዴ ቢደውሉ ነው። አንቺን ምሳሌ እያደረግኩ እኮ ነው ልጆቼን የምሰድባቸው። ኋላ ቀረ። የቀረ ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲነኳት ዋሉ። በማግሥቱም። ከዚያ ‹አስቀይሜያት ነው› አሉና መስኮቱን ዘጉት። አሁን አሁንማ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነበር የሚከፍቱት።»

ቋጣሪዋ ክው አለች። ይቺ ስትበራልህ እኔ አየሁህ ማለት ነው። የራሷ ቃል ነው፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣት የተናገረችው። ባለፈው ዓመት ልትጠይቃቸው ስትሄድ «ማለዳ ተነሽ መሆንሽ ደስ ይለኛል፤ በእናትሽ አልወጣሽም» ብለዋት ነበር። እሷ፣ ሰዓቱ ሦስቴ ጮኾ በግድ የምትነሳዋ፣ «አረጀ አባዬ» ብላ በሆዷ ስቃ ነበር። ማለዳ ማለዳ የምታንኳኳዋ ሣጥን የማን እንደሆነች አሁን ሳይነገራት ገባት። ዘበኛው ልይልሽ ብሏት ነበር። ለአንዲት ሣጥን ብዬ ነው? ብላዋለች።

ሐኪሙ እስኪጠራት ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አሰበች። መላሿን መመለስ ይቻላል። ኮምፒውተሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አንዱን መገልገያ አውጥታ ኮከቧን ብትመልስላት ሳምንት ሳይሞላ ቢጫዋ መብራት እንደ ድሮዋ ብልጭ ትላለች፤ አባቷም «ታረቀችኝ» ይላሉ። ማንም አያውቅም። ግን መጀመሪያ «ለምን ተውሽው?» ማለታቸው አይቀርም። እውነቱን ብትነግራቸውስ? አባዬ፣ እኔ አልነበርኩም፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ማሽን ነው ሲመልስልህ የነበረው፤ እኔ ያኔ ተኝቼ ነበር። እውነቱ ለእሷ ይቀላታል። አልተውኩህም፣ አልተቀየምኩህም ማለት ነዋ። ለእሳቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ብቻቸውን እንደነበሩ መንገር ነው። እኔ ነበርኩ ካለች ደግሞ አባቷን ትታ የሄደች ልጅ እሷ ናት። የትኛውን እንደምትል ሳትወስን ተጠራች።

አባቷ አልጋው ውስጥ አንሰው ታዩዋት። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀውላቸዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል።

«መጣሽ?»

«መጣሁ አባዬ።»

«ከሥራ አስተጓጎሉሽ አይደል? አትንገሯት ብዬ ነበር።»

ረጋ ብላ ልታናግራቸው ነበር፤ አልሆነላትም። «ለምን አልተጫንካትም? ደረትህ ላይ እያለች! ለምን?»

«ለማን ብዬ?»

«ለእኔ! ለማዕከሉ! ለሚሰማህ ሰው ሁሉ!»

«እኔ እዚያ ማዶ የማውቀው አንቺን ነው» አሉ። «አንቺ ደግሞ ዘጋሽኝ። ያኮረፈ ሰው ደጅ ሄጄ፣ ወድቄያለሁ አንሽኝ ልበል? እጄ ሄዶላት ነበር። መለስኩት።»

«ትሞት ነበር እኮ!»

«አስቤዋለሁ እሱን» አሉ፣ ረጋ ብለው።

እጃቸውን ያዘች። አባቷ ጣሪያውን እያዩ ንግግራቸውን ቀጠሉ። «በእኛ ጊዜ ማለዳ ማዞሪያው ፊት ስትቀመጪ መጀመሪያ ለጎረቤት ጣቢያ አንድ አጭር ደወል ትልኪያለሽ። እዚያ ያለው ኦፕሬተርም አንድ አጭር ይመልሳል፤ መብራቱ ሲበራ ታይዋለሽ። ወሬ የለም፣ ሰላምታ የለም። አለሁ፣ አለህ፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ፊቱን አይቼው ከማላውቀው ሰው ጋር እንዲህ ስንባባል ኖረናል። መልስ የሚነሳሽ ሰው ካለ አስቀይመሽዋል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰው ካልተቀየመ በስተቀር መልስ አይነሳም።» ወደ እሷ ዞሩ። «እና ምን አድርጌሽ ነው የተውሽኝ?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ከጥፋቱ ነጻ ትወጣ ነበር። የአባቷን ዓይን አየችና ዋጠችው።

«ምንም አላደረግከኝም» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራ በዛብኝና ተውኩት።»

«ሥራ በዛብሽና።»

«አዎ አባዬ።»

ቋጣሪዋ እንባዋ ሲወርድ መጥረግም አላሰበች። በሕይወቷ እንዲህ የከበዳት ውሸት የለም፤ አንዱ ወገኑ ውሸት አለመሆኑ ደግሞ ይብስ አቃጠላት።

«ይኸው ነው?» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ያላሰብኩት የለም። ከባልሽ ስትለያዪ ‹ትንሽ ብትታገሺ› ያልኩሽን ይዛብኝ ይሆናል ብዬ ስንት ቀን ራሴን ስሰድብ ከረምኩ።»

«እሱን እኔ ረስቼዋለሁ።»

«እኔ አልረሳሁትም» አሉ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ጥርስ የሌለው ፈገግታ የሕፃን አስመሰላቸው። «ሥራ መብዛት ምን ነውር አለው? መንገር ነበር እንጂ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ አታልቅሺ። እኔ እኮ ሥራሽን አደንቅልሽ ነበር። ምን ዓይነት ፈጣን ኦፕሬተር ይወጣሽ ነበር! ጣቴን ሳላነሳ ነበር የምትመልሺው። ያቺን ነገር ታቅፈሻት ነበር እንዴ የምትተኚው?»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። እዚያው እጃቸውን እንደያዘች መላሿን እንደ ድሮዋ እንደማትመልሳት ወሰነች። ምልክቷ ወደ ሰርቨሩ ሳይሆን ወደ እሷ ስልክ ትመጣለች፤ መብራቷም እሷ በገዛ እጇ ስትመልስ ብቻ ነው የምትበራው። ለዚያ የሚሆን ቦታ ከየት እንደምታመጣ ገና አላወቀችም።

«ሲሻልህ እንቀጥላለን» አለቻቸው። «ግን አባዬ፣ እንደ ድሮው ፈጣን አልሆንም። እንቅልፋም ሆኛለሁ። አንዳንዴ እዘገይብሃለሁ። ተቀየመችኝ እንዳትል፤ እሺ?»

አባቷ ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳቡት።

«ብትዘገዪስ» አሉ። «እጠብቃለሁ። ምን ሥራ አለኝ?»